በፋይሉ ውስጥ የሌለው ልኬት

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አልነበርሁምም። ይፋግ ተወልጄ፣ ከሩዝ ማሳ ውስጥ ድምፅ ሰማን፣ ከሐይቁ ላይ መብራት ሲሄድ አየን በሚሉ ሰዎች መካከል ባድግም፣ ያን ሁሉ ስሰማ የኖርሁት ዝናብ እስኪያባራ ድረስ ጊዜ እንደሚያሳልፉበት ወሬ አድርጌ ነው። ኋላ ፊዚክስ ተማርሁ፣ አሁንም ባሕር ዳር ውስጥ አስተምራለሁ፣ የማስተምረውም ስለ ልኬት ነው፤ ልኬት ማለት ደግሞ፣ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንደማሰለቻቸው፣ ከማመናችን በፊት በሥርዓት የምንጠራጠርበት መንገድ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሰው ለማስደነቅ አይደለም። የማስታውሰው ነገር እያደር እየሳሳብኝ ስለሄደ፣ ዛሬ ካልጻፍሁት የሆነውን ነገርና ሆነ ብዬ የማስበውን ነገር መለየት የሚያቅተኝ ቀን ሩቅ ስለማይመስለኝ ነው።

ከማስተማሩ ሌላ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የግል የምርመራ ማእከል ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ እሠራለሁ። ኤምአርአይ የሚባለውን ማሽን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም፣ ሰው ተጋድሞ እንደ ዋሻ ካለው ሆዱ ውስጥ ሲገባ የሚንኳኳው፣ የውስጥ አካልን ሥዕል የሚያነሣው ማለቴ ነው። የእኔ ድርሻ ከሥዕሉ ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ማሽን ሲታዘዝ፣ ከአንጎል ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ መርጦ፣ በዚያች ቦታ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ማዳመጥ ይችላል፤ ስፔክትሮስኮፒ ይሉታል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ፍሪኩዌንሲ፣ በራሱ ቃና እንበለው፣ ያንሾካሹካል፤ ሹክሹክታው ግን እጅግ ደካማ ነው፣ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይበቃም፣ ደጋግሞ ተለክቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደምሮ ነው የሚሰማው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው ራሱን በጥቂቱ እንኳ ካነቃነቀ ቃናው ይሸሻል፣ አንዱ ልኬት ከሌላው ጋር ሳይገጥም ይቀራል፣ ድምሩም የየራሳቸውን ዜማ እንደሚያዜሙ ሰዎች ጫጫታ ይሆናል። እኔ እንግዲህ ልኬቶቹን አንድ በአንድ እያየሁ፣ የሸሸውን ወደ ቦታው እየመለስሁ፣ የማይመለሰውን እየጣልሁ፣ ሁሉም በአንድ ቃና ከቆመ በኋላ የምደምር ሰው ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው፣ ከምትገምቱትም በላይ አሰልቺ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። በሽተኛው መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፣ ከጣና ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ አቋቋም የሚያስተምሩ፣ ማለትም ደቀ መዛሙርቱ በማኅሌት ጊዜ ዜማውን ከመቋሚያው፣ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጋር አስማምተው እንዲቆሙ የሚያሠለጥኑ፣ ጢማቸው ከጥምጥማቸው ነጭነት የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ያመጣቻቸው ልጃቸው ትርንጎ ነበረች፣ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ዓባይ ማዶ የምትኖር ሴት። መሪጌታ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በንግግር መካከል ቃል ይጠፋባቸው ጀምሮ ነበር፣ ሥዕል ሲነሡም በአንጎላቸው በግራ በኩል እብጠት ታየ። ሐኪማቸው ዶክተር ሰላማዊት ነገሩን ሳትሸፋፍን ለልጅቱ ነግራታለች፤ እብጠቱ ካንሰር ከሆነ በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደው ራሳቸው መከፈት አለበት፣ ያለበት ቦታ ደግሞ ንግግር ከሚመነጭበት አጠገብ ስለሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው ሲነቁ ዜማው ቀርቶ የራሳቸውን ስም መጥራት ላይችሉ ይችላሉ። የነቀርሳ፣ የቲቢ ማለቴ ነው፣ ተሕዋስ አንጎል ውስጥ ገብቶ የፈጠረው እብጠት ከሆነ ግን በሚዋጥ መድኃኒት ይጠፋል፣ ማንም ቢላ አያነሣም። በሥዕሉ ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው። የሚለዩት በውስጣቸው ባለው ንጥረ ነገር ነው፣ ካንሰሩ ኮሊን የሚባለው ይበዛበታል፣ ነቀርሳው ስብ ይበዛበታል። አዲስ አበባ የተያዘላቸው አልጋም የዚያን ዕለት እስኪመሽ መልስ ካላገኘ ለሌላ ይሰጣል። ትርንጎ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝና፣ አባባ ድምፃቸውን ካጡ ብላ ጀምራ፣ ሳትጨርሰው ወደ መስኮቱ ዞረች።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሀብታሙ ነው፣ የአንበሳሜ ሰው፣ ጨዋታ የሚወድ። በሽተኛ እንዳይፈራ ለሁሉም የሚላት አንዲት ቃል አለችው፣ ለመሪጌታም አልነፈጋቸውም።

«የኔታ፣ እዚህ ውስጥ ንቅንቅ የለም፣ እንደ ሐውልት ነው። ጸሎትዎን በልብዎ ያድርሱ፣ ሳይታወቅዎ ያልቃል።»

«ረጅሙን ነው አጭሩን?» አሉት።

«እንደ ወደዱ የኔታ፣ ማሽኑ እንደሆነ ግዕዝም አማርኛም አይሰማ።»

ልኬቱ ሲያልቅ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ተመለከትሁት። መስመሮቹ ቀጥ ብለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ምሰሶ መቆም ሲገባቸው፣ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ወደ ቀኝ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ብዙ የተበላሸ ልኬት አይቻለሁ፣ ያሳለውን፣ የበረደውን፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ከመስመሩ ለይቼ አውቃለሁ፣ ይህ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር፣ ሥርዓት ነበረው፣ በዝግታ ጀምሮ እያደር ይፈጥን ነበር። ትርንጎን ጠርቼ አሳየኋት፣ ለምን እንደጠራኋት ዛሬም አላውቅም። ጣቷን ከመስመሮቹ ጋር ከላይ ወደ ታች ስታወርድ ትከሻዋ ሳይታወቃት መወዛወዝ ጀመረ። «ይኼማ ዝማሜ ነው» አለች። መቋሚያውን ከፍ አድርገው ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ የሚያዜሙት ማለቷ ነው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደተቀመጡበት ሄድንና ተንቀሳቅሰዋል እኮ አለቻቸው።

«እኔ? እኔስ አልተንቀሳቀስሁም» አሉ ቅር ብሏቸው። «ጸልይ አለኝ፣ ማኅሌት ቆምሁ። በልቤ ነው የቆምሁት።»

«ልብዎ አንገትዎን ጎትቶት ሄዷላ» አለ ሀብታሙ።

ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ጭምር፣ የእሳቸው ሳቅ ደግሞ ጥርስ የማይታይበት፣ ደረት ውስጥ የሚቀር ሳቅ ነው። እንግዲህ በመላው አገር ስንት ኤምአርአይ አለ፣ የማኅሌት መምህርን በልብህ ጸልይ ብሎ ንቅንቅ አትበል የሚል ግን የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቀላል ነው፣ ይደገማል አልን። ሀብታሙ አልጋውን ሊያስተካክል ሲነሣ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ። ሀብታሙ መካኒክ ፍለጋ ወጣ፣ ስልኩን እያነሣ እየጣለ፣ ሲመለስም ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፍቶ፣ ዛሬ የሚሆን አይመስለኝም አለኝና ተመልሶ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ሄደ። ትርንጎ አባቷን ደግፋ፣ ንፋስ ይንካዎት ብላ፣ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ልታስቀምጣቸው ይዛቸው ወጣች። እኔም ባለው እሞክራለሁ አልኋት፣ ምን ተስፋ ይዤ እንዳልሁ እንጃ።

ብቻዬን ቀረሁ። ፀሐይ ሐይቁ ላይ እያዘቀዘቀች ነበር፣ በኮሪደሩ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀላ ብሎ ማሽኑ ያለበትን ክፍል በመስታወቱ በኩል ያሳየኛል። ከዚያ ክፍል ዘወትር የማይጠፋ አንድ ድምፅ አለ፣ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ድምፅ፣ ጭው፣ ጭው፣ ጭው የሚል፣ ወፍ መሰል። እዚያ የምንሠራ ሰዎች ከጊዜ በኋላ መስማታችንን እናቆማለን። እኔም እየሰማሁ ሳልሰማው ሥራዬን ቀጠልሁ። ፕሮግራሙ ከልኬቶቹ የመጀመሪያውን መሪ አድርጎ ሌሎቹን ወደ እሱ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ግን ራሱ ዘንባላ ነው፣ ሁለተኛውን መሪ ባደርግ እሱም ዘንባላ፣ ከመካከል ብመርጥ ያው። በየትኛውም ብጀምር ድምሩ አንድ ድፍን ኮረብታ ነው የሚሆንብኝ፣ ካንሰር የፈራ ሰው ካንሰር የሚያይበት፣ ነቀርሳ የተመኘ ሰው ነቀርሳ የሚያይበት ኮረብታ።

ፓምፑን ልብ ያልሁት ያን ጊዜ ነው። ልብ ያስባለኝም አረማመዱ መለወጡ ነው። ጭው ብሎ ይቆያል፣ ጭው ብሎ ደግሞ ይቆያል፣ በመካከሉም፣ እመኑኝ፣ ከፍ ያላለ፣ የእንጨት ጫፍ ወለል ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ። ሀብታሙ መስሎኝ ተጣራሁ። ተነሥቼ በመስታወቱ ተመለከትሁ፣ አልጋው ከማሽኑ ወጥቶ ባዶውን ተዘርግቷል፣ ሌላ ነገር የለም፣ ከላዩ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ጠርዝ ግን ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ንፋስ ነው አልሁ። በሩ ዝግ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ማራገቢያውም መብራት የለው፣ ይሁን እንጂ ንፋስ ነው አልሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ድምፁ እየፈጠነ ሄደ፣ እጄም መዳፊቱን በዚያው ፍጥነት ሲጫን ታወቀኝና አነሣሁት። ጭው፣ ጭው፣ ጭው፣ እንጨቱም በየመሀሉ፣ እየተቀራረበ፣ እየተቀራረበ መጥቶ፣ ድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ዝምታ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያን የመሰለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ፍርሃት ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ፊትህን እያየ ዝም ሲልህ፣ ተራው ያንተ መሆኑ ሲታወቅህ ያለውን ስሜት ነው የሚመስለው። ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ከመጨረሻው ልኬት ቀጥሎ አንድ ሌላ ነበር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የጠራ። ቀደም ብዬ አላየሁትም ነበር። ከየት መጣህ ብዬ አልጠየቅሁም፣ መጠየቅ ሥራዬ ሆኖ ሳለ አልጠየቅሁም፣ እሱን መሪ አድርጌ ሌሎቹን አዘዝሁ። አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ገቡ። ደመርኋቸው። ኮሊኑ ዝቅ ብሎ፣ የስቡ ጫፍ ብቻውን እንደ ደብር ጉልላት ወጥቶ ታየ።

ስክሪኑን በስልኬ አንሥቼ ለዶክተር ሰላማዊት ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ፣ የላክሁልሽ ይኸው ነው፣ የጠራ ነው አልኋት። በቃ፣ አልጋውን እለቅላቸዋለሁ፣ መድኃኒቱን ነገ ይጀምራሉ አለች።

ሀብታሙ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ ሲገባ የምሥራቹን ነገርሁትና፣ ፓምፑ ግን አሁን ገና ቆመ፣ እየው እስቲ አልሁት። ትክ ብሎ አየኝ።

«አሁን ገና ስትል? መብራቱ ሲሄድ አብሮ ቆሟል እኮ። እኔን ሲያንገበግበኝ የዋለው እሱ አይደለም እንዴ?»

«ሲሠራ ሰምቼዋለሁ።»

«በምን ይሠራል መምህር? በየኔታ ጸሎት?»

ሳቀ፣ እኔ አለመሳቄን ሲያይ ግን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። መሪጌታ ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ትርንጎ ግን ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋት። ነቀርሳ ነው፣ ቀዶ ጥገና የለም ስላት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሲወጣላት ምን እንዳስደነገጣት ነገረችኝ፤ አባቷ ተቀምጠው በለሆሳስ ሲያዜሙ፣ ሲወዛወዙ ነበር፣ ይሁን ብላ ተወቻቸው፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ከመካከል አቋረጡና ብድግ ብለው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ እጃቸውን ሳያነሡ፣ እንዲያው ዝም ብለው፣ ከዝምታቸው ብዛት የተነሣ ትንፋሻቸው መኖሩን ለማወቅ እጇን ከአፍንጫቸው ሥር አስጠግታ ነበር። መቼ ነው ይህ የሆነው አልኋት። አሁን፣ አንተ ከመምጣትህ ጥቂት ቀደም ብሎ አለች።

መሪጌታ ስለ ሌላ ሰው የምናወራ ያህል ሐይቁን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

«ምኑ የኔታ?»

«ቃናው የጠፋበት ሰው ነበር» አሉ። «ቆሜ መራሁለት።»

በእነሱ ትምህርት ዜማ የሳተውን ሰው መምህሩ አይቆጣውም፣ ቃናውን ይዞለት እስኪገባ ይጠብቀዋል፤ መምራት የሚሉት እሱን ነው። ይህን ያስረዳችኝ ትርንጎ ናት፣ በሌላ ቀን።

በማግስቱ ጠዋት ፋይሉን ከፈትሁት። ያ የጠራ ልኬት የለም። የመጨረሻው ዘንባላ መስመር አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ምንም የለም። በሌላ ኮምፒውተር ከፈትሁት፣ ከማሽኑ ላይ እንደገና ገለበጥሁት፣ ሁሉንም ልኬቶች በየተራ መሪ እያደረግሁ ደመርኋቸው፣ ያው ድፍኑ ኮረብታ ነው። ለዶክተር ሰላማዊት የላክሁት ሥዕል ግን ስልኳ ላይ አለ፣ ስልኬም ላይ አለ፣ ጉልላቱ እንደቆመ ነው። ፋይሉን ለእሷም አሳየኋት፣ ከመድኃኒቱ በፊት እንደገና ይለካ አልኋት። ማሽኑ ግን ሳይቀዘቅዝ በመቆየቱ ለጥገና ተዘግቶ ነበር፣ እሷም ስልኳ ላይ ያለውን ሥዕል ደጋግማ አይታ፣ እንጀምርላቸው፣ ቢሳሳት ቶሎ እናውቀዋለን አለች። አልተሳሳተም፤ በሚቀጥለው ሥዕል እብጠቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

ነገሩን ለየብቻው ብታነሡብኝ ለእያንዳንዱ መልስ አለኝ። ፓምፑ ሀብታሙ በማያውቀው መጠባበቂያ ባትሪ ጥቂት ሠርቶ ይሆናል። ጨርቁን ያወዛወዘው በበሩ ሥር የገባ ንፋስ ይሆናል። እኔም ሁለት ልኬቶችን ደምሬ አዲስ መሪ ሠርቼ፣ ሳላስቀምጠው ዘግቼ፣ በድካም ረስቼው ይሆናል። ሦስቱን ባንድነት ስታነሡብኝ ነው መልስ የማጣው። ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ ቀን የእንጨቱን ድምፅ የማስታውሰው ፓምፑ ከመዘግየቱ በፊት ነው፣ አንዳንድ ቀን ከዚያ በኋላ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨርቁ ሲወዛወዝ ማየቴን ራሱ እጠራጠራለሁ። የማልጠራጠረው ያን ዝምታ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ትርንጎ፣ አባባ ሊያዩህ ይፈልጋሉ ብላ በጀልባ ይዛኝ ሄደች። ረፋድ ላይ ደረስን። መሪጌታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ደቀ መዛሙርቱን አሰልፈው ያስቆሙ ነበር፣ ድምፃቸው ሞልቷል፣ ፊታቸው ሞልቷል፣ ቃል የሚጠፋበት ሰው አልነበሩም። ደስ ብሎኝ፣ ከልቤ ደስ ብሎኝ ከዛፉ ሥር ቆሜ አዳመጥሁ። ዝማሜው በዝግታ ጀመረ፣ እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያም በአንድ ቦታ ላይ፣ ቃሉ ገና ሳያልቅ፣ መሪጌታ ቆሙ። መቋሚያቸው አየር ላይ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ። ትንፋሽ የመውሰጃ ያህል አይደለም፣ ከዚያ ይረዝማል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ቀጠሉ።

አሁንም ቃል ይጠፋባቸዋል እንዴ ብዬ ትርንጎን በጆሮዋ ጠየቅኋት።

«የለም» አለችኝ። «ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ይቆማሉ። ስንጠይቃቸው፣ ቆምሁ እንዴ ይላሉ።»

ሲደግሙት አስተውዬ ተመለከትሁ፣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ የሚቆሙት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ መቋሚያቸውን አንሥተው ቀጥ ይላሉ። ሲያርፉ ከመካከላቸው አንዱን፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ በቅርቡ ከሌላ ደብር የመጣ፣ ለምን እዚያ ላይ እንደሚያቆሙ ጠየቅሁት። በጥያቄዬ ተገረመ። «ዜማው እንዲህ ነው፣ ጌታዬ» አለኝ። ተምሮ ሲጨርስ ወደ ደብሩ ይመለሳል፣ ያስተምራል፣ ከእሱ የተማሩትም እንዲሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ልሂድ ብዬ ወደ ጀልባው ጥቂት ተራምጄ ነበር፣ ተመልሼ ቆምሁ። ዝማሜው ፈጠነ፣ ያችም ቦታ ደረሰች፣ ሁሉም ቀጥ አሉ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፣ እመኑኝ፣ አንድም ሰው አላየኝም፣ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው መቋሚያውን አንሥቶ የሚጠብቀው እኔን እንደሆነ ታወቀኝ፣ በየትኛው ቃል ላይ መግባት እንዳለብኝ ግን አላውቅም ነበር።